አራተኛው ገጽ ላይ ያለችው ድመት

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለታላቄ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽ፣ ወገብሽ፣ የስፌት መኪናሽ፣ ሁሉም በያሉበት ደህና ናቸው ወይ? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ለቆኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ ሊይዘኝ እያማተረ ነው እንጂ፣ ተመስገን ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ለደስታ ነው። የምሠራበት ማተሚያ ቤት በየዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያወጣል። ሰሞኑን ሥራ አስኪያጁ «አበባና ፏፏቴ ሰለቸኝ፣ ሌላ ሐሳብ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ ወረቀት መቁረጫው ጋ ቆሜ ሳላስበው ስለ ሻምበል አወራሁ። ድመታችን በር ክፈቱልኝ ብሎ ሰፈሩን ካስጮኸ በኋላ፣ ሲከፈትለት ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቆሞ እንደሚያስብ፣ ያንን እኛ ቤት «በርመሃሌ» እንደምንለው ነገርኩት። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ስንት እንዲህ ያለ ቃል አለሽ?» አለኝ። «ደብተር ሙሉ» አልኩት። ለየወሩ አንድ ቃል ይታተማል ተባለ። ስሜ ሽፋኑ ላይ ይወጣል!

እና ያ ደብተር፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ በክር የተንጠለጠለው፣ አለ አይደል? ቃላቱን ገልብጠሽ ላኪልኝ። እኔ ከአገር ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ ከአምስት በላይ አላስታውስም።

ያለፈውን ማንሳት አልፈልግም። እናቴ ስምንት ወር ታማ አንድ ቃል ሳይነገረኝ፣ ሞቷን በቴሌግራም መስማቴን ለእግዜር ሰጥቻለሁ። የቤተሰባችን ታላቅ፣ በፍርድ ሥራ ያረጁት ጋሼ ዳኛውም ነገሩን ለዘመድ ሁሉ ተናግረውልኛል፤ እኔ ከዚያ በላይ አልልም። አሁን የምናወራው ስለ ድመት ነው።

አንቺ ረጅም ደብዳቤ ትወጃለሽ፤ እኔ ጊዜ የለኝም። ባጭሩ ላኪልኝ።

ታናሽሽ
ሚጢ


ኅዳር 20 ቀን

ገጽ 1

ለታናሼ ለሚጢ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደረጃሽን ወጥቶ፣ ከእነ ጤናሽ ያግኝሽ። እጅሽ አይዛል፣ እግርሽ አይሰናከል፣ ጉንፋንሽም ሌላ ቤት ይፈልግ። እኔ ደህና ነኝ። ፊደሌ የተለቀው ዓይኔ ስለደከመ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ብዙ አይገባልኝም፣ ቻይኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ። ቃላቱ እነሆ።

እግርጥልፎሽ፦ ትኩስ ድስት ይዘሽ ስትሄጂ በእግርሽ መሃል የሚጫወተው ጨዋታ። ሌላ ጊዜ አይጫወተውም።

ዳግምራት፦ ከእኔ እጅ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ወደ እማዬ ሄዶ «ይቺ ሴትዮ ካየችኝ ሦስት ቀኗ» የሚል ፊት ማሳየት።

ሞቅወራሽ፦ ውኃ ልጠጣ ብለሽ ስትነሺ ወንበርሽን በሕግ የሚረከብ።

ክዳንሰሚ፦ ስሙን አፍንጫው ላይ ሆነሽ ስትጠሪው የማይሰማ፣ የዓሣ ቆርቆሮ ክዳን ግን ከጎረቤት ጣሪያ ላይ የሚሰማ ጆሮ።

ገጽ 2

ጨርቅፈራጅ፦ ይሄ የእኔ ነው። አሥር ጨርቅ ቆርጬ ባስቀምጥ፣ የትኛው ደንበኛ ብዙ እንደከፈለበት አይቶ እሱ ላይ የሚተኛ።

ጠጉርማኅተም፦ ከቤታችን የወጣ ልብስ ሁሉ ላይ የሚቀር ግራጫ ጠጉር። የባንክ ቤቷ ሴትዮ «ቀሚሱ ያንቺ ስፌት መሆኑን በምን ላውቅ?» ስትለኝ እሱን አሳየኋት።

ዝናብከሰስ፦ ዝናቡን ያመጣሽው አንቺ እንደሆንሽ አድርጎ በመስኮት በኩል ማየት። ይግባኝ የለውም።

ገጽ 3

ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን ድመት አምጥቷል። እሷም ግራጫ፣ ደረቷ ነጭ፣ ቁርጥ ሻምበልን። ካልቀመሰችው ሥጋ አይሸጥም ብሎ «ቅምሻ» አላት። ሻምበል ግን ሰላም አይላትም፤ ዕድሜው ገፍቷል፣ የሴት ነገርም ሐኪሙ ቤት ከገባ ጀምሮ ትቶታል።

ገጽ 4

እዚህ እንደማትደርሺ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

እማዬ ያወጣችውን የቤታችንን ሕግ አልረሳሽም፦ ክፉ ወሬ ከሳቅ በፊት ደጃፍ አይገባም። ስትታመም «ልጄ ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ እንዳትደነግጥ። መጀመሪያ በሻምበል አሳቂያት፣ ከዚያ ንገሪያት» አለችኝ። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ሦስቱም ላይ አሳቅሁሽ፣ ሦስቱም ላይ አራተኛው ገጽ ላይ «እማዬ ታማለች፣ ነይ» አልኩሽ። አንቺ የመለስሽው «ዓሣውን ከነድስቱ ወሰደ? ሃሃሃ!» ብለሽ ነው። እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሳቀች» አልኳት።

በኋላ ነው የገባኝ። አንቺ የጋሼ ዳኛው ዘር ነሽ። እሳቸውም «የሰው ነገር በመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል» ብለው ሁለተኛውን ገልጠው አያውቁም። «ደበቀችኝ» ብለሽ ስትጽፊላቸው ዘመድ ሰብስበው ፈረዱብኝ። እኔ እማዬ ያሳደገችኝ የእህት ልጅ፣ የሙት ልጅ፣ «ቤቱን ልትወርስ አፏን ዘጋች» ተባልኩ። አምስት ገጽ ሙሉ ነገሩን አስረድቼ ብሰጣቸውም የመለሱልኝ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በመንገድ ሰላም ስላቸው ሰማይ ያያሉ። አንድ ቁልፍ የሚያስተክል ዘመድ እንኳ ደጄን አይረግጥም።

እዚህ ከደረስሽ «ደርሻለሁ» ብለሽ አንድ ቃል ላኪልኝ። ሁሉንም እተወዋለሁ። እማዬ በመጨረሻው ሳምንት ሻምበልን አይታ ያወጣችው አንድ ቃልም አለ፤ ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም፣ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ። ካልደረስሽ ግን ቁርጤን አውቃለሁ።

እታለም


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለእታለም፤

ደህና ነሽ? በጣም ደህና ሁኚልኝ። ቃላቱ ደረሱኝ! «እግርጥልፎሽ»ን ለማሽን ሠራተኞቹ ሳነብላቸው አንዱ ቀለም ደፋ። ሥራ አስኪያጁ «አንቺ ሴትዮ እኮ እዚህ ወረቀት ስትቆርጪ የምትውዪ ሰው አልነበርሽም» አለኝ። አራቱም ቃላት ገቡ። የቀሩትን እኔው እየፈጠርኩ ነው። «እንቅልፎሎጂ» የምትል አውጥቻለሁ፣ ድመት ብዙ ስለሚተኛ። እንዴት አየሻት?

አሁን ደግሞ ትልቁ ጉዳይ። ለፎቶው ራሱ ሻምበል ይፈለጋል። ሌላ ድመት ብናነሳ ውሸት ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ውሸት አልወድም። ሻምበልን ከገበያ በጉያዬ ይዤ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ለጊዜው ነው የተቀበልሽኝ። ለጋሼ ዳኛውም ጽፌላቸው ነበር፣ «ድመቱ የልጅቷ ነው፣ ይሰጣት» ብለው ፈርደዋል። በደብዳቤ አለኝ።

ያ ጎረቤታችን የመርከብ ወጥ አብሳይ በየካቲት መጀመሪያ ወደዚህ ይመጣል አሉ። ከእሱ ጋር ላኪልኝ። የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፣ አሠሪለት። ከእናቴ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ እታለም። እሱንም ልትነፍጊኝ አትችይም።

ሚጢ


የካቲት 2 ቀን

ገጽ 1

ለታናሼ ለሚጢ፤

ሰላምታዬ ከእነ ሙሉ ክብሩ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፣ ነገሩን ሳስብበት ነው።

እሺ። ዳኛ ከፈረደ ምን ይደረጋል። ድመት በቅርጫት አድርጌ ለወጥ አብሳዩ ሰጥቼዋለሁ። ስፌቱን ራሴ ነኝ የሠራሁለት፤ ከውስጥ ጥጥ አለው። ስትቀበይ አትቸኩይ፣ አትሳሚ፣ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። መጀመሪያ አልጋ ሥር ይገባል። ሦስት ቀን «የለሁም» ይላል። ከዚያ ቤቱ የሱ ይሆናል፣ አንቺ ተከራይ ነሽ።

ገጽ 2

ጥሬ ጉበት ትወዳለች፤ ዓሣ ግን አታቅርቢላት።

ገጽ 3

ቀዝቃዛ ወለል አትወድም። የሚሞቅ ጥግ፣ ካርቶን፣ ወረቀት ካገኘች ትገባበታለች። ተያት።

ገጽ 4

ይህ ሻምበል አይደለም። ይህች ቅምሻ ናት፣ የሥጋ ሻጩ። ሰጥቶኛል፤ «ካፈራች አንድ ይመልሱልኝ» ብሎ። ሴት መሆኗን ሐኪሙ ጽፎታል፤ ወረቀቱ ከዚህ ገጽ ጋር በስፒል ተይዟል። ከመላኳ በፊት አራት ቀን ሙሉ ጣሪያ ለጣሪያ ስትዞር ሰንብታለች፣ ብቻዋንም አልነበረችም። ሚያዝያ ሲገባ ጠብቂ።

ሻምበልን የምታውቂው ቢሆን ግራ ጆሮውን ታዪ ነበር። መሳቢያ በላዩ ላይ ዘግተሽ የቆረጥሽው አንቺ ነሽ፤ ጥርስ የነከሰው ቅጠል እንደመሰለ ቀርቷል። የቅምሻ ጆሮ ሙሉ ነው።

አልዋሸሁሽም። ሁሉንም ጽፌልሻለሁ። እማዬን እንደጻፍኩልሽ፣ እዚያው ገጽ ላይ።

ሻምበል አሁን ጭኔ ላይ ነው። የምጽፈው በእሱ ላይ ተደግፌ ነው።

እታለም


የካቲት 29 ቀን

ለእታለም፤

መጣ! መጣ! መጣ!

አወቀኝ፣ እታለም። ቅርጫቱን እንደከፈትኩ ዓይን ዓይኔን አይቶ፣ አልጋ ሥር ገብቶ፣ በሦስተኛው ቀን ወጥቶ ጭኔ ላይ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት! የእናት ቤት ሽታ አይጠፋም። ወረቀቱን የጉምሩኩ ሰውዬ አይቶ፣ ማኅተም መትቶ መለሰልኝ፤ እንዳለ የደብዳቤ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንተ ሻምበል፣ ደግሞ እንዴት ወጣት ሆነሃል! እዚህ አየሩ ተስማማው መሰለኝ፣ በየቀኑ ሆዱ ይሞላል። ደግሞ ሲበላ! ለእሱም አዲስ ቃል አወጣሁ፣ «ሆደኩሩ»።

ሰው «ያለ እታለም አይኖርም፣ እሷን ብቻ ነው የሚያውቀው» ይል ነበር። ይኸው። ደም ደም ነው፣ እንግዲህ አትከፊ።

የመቁጠሪያው ናሙና ሚያዝያ 2 ቀን ለደንበኞች ይታያል። ሻምበልም ይገኛል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን እንዳሳተምኩ ልንገርሽ፦ «ለእናቴ፣ ሕመሟ ለተደበቀብኝ።» አልቅሼ ነው የጻፍኩት። ለዘመድ ሁሉ አንድ አንድ እልካለሁ፣ ግድግዳቸው ላይ ይስቀሉት። አንቺን ለመጉዳት አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

ሚጢ


መጋቢት 14 ቀን

ገጽ 1

ለሚጢ፤

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ሰላምታ።

ገጽ 2

ገጽ 3

ገጽ 4

ካርቶን አዘጋጂ።


ሚያዝያ 9 ቀን

እታለም፣

ሰላምታ የለኝም።

ሻምበል ወለደች።

ደንበኞች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ የደብተር አከፋፋዩ፣ የባንኩ ሰውዬ፣ ሦስት የመጻሕፍት መደብር ባለቤቶች ወንበር ስበው በተቀመጡበት፣ እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ «ይህ ወንድ ድመት በእጄ ያደገ፣ ጠባዩን እንደ መዳፌ የማውቀው» እያልኩ ሳለሁ፣ ጠረጴዛው ሥር ካለው የናሙና ካርቶን ሲ... ሲ... የሚል ድምፅ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ «ምንድነው?» አለ። እኔ ቂሏ «ደስ ሲለው ያፏጫል፣ ቃልም አለን» አልኩ። ካርቶኑን ሲስቡት አራት ግልገል! እርጥብ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ በመቁጠሪያዬ ላይ፣ በስሜ ላይ! ሃያ ናሙና አበላሸች። የባንኩ ሰውዬ «ወንድ ነው አላልሽም?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ዛሬ የቀለም ሠራተኛው ባየኝ ቁጥር «አራሷ እንዴት ናት?» ይለኛል።

ጉምሩክ ያተመበትን ወረቀት ልፈልግ የደብዳቤ ቆርቆሮዬን መሬት ላይ ገለበጥኩት። «ሴት» ይላል፣ በትልቁ። ከእሱ ጋር የተያዘውን ገጽ አነበብኩ። ከዚያ ያለፈውን፣ ከዚያም የድሮዎቹን። የድሮዎቹ አራተኛ ገጾችሽ እጥፋታቸው እንኳ አልተከፈተም ነበር፣ እንዳጠፍሻቸው ናቸው። ወደ ኋላ እያልኩ እናቴ ሞታ፣ ከዚያ ታማ፣ ከዚያ ትንሽ አሟት፣ ከዚያ ደህና ሆና አገኘኋት። «ሳቀች አልኳት» ያልሽው ላይ ስደርስ እዚያው ወለል ላይ ተቀመጥኩ፣ ያቺ የሰው ድመት መጥታ አጠገቤ ተኛች።

አፍሬያለሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ራሴን ልመታው ምንም አልቀረኝ።

ግን አንቺስ! ከቀብሯ በኋላ ሁለት ዓመት ነበረሽ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገጽ አንድ ላይ «ሚጢ፣ ጽፌልሽ ነበር፣ አገላብጪ» ብትዪ ምን ነበረበት? አልፈለግሽም። ቂምሽን እንደ ድመት ልጅ በጡጦ ስታሳድጊ ነበር። አውቀሽ በሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ «ጽፌልሻለሁ» ለማለት ብቻ።

እንግዲያው ስሚኝ። የሚገባሽን አድርጌያለሁ፤ እዳዬን አልበላም። ለጋሼ ዳኛው ጽፌያለሁ። እውነቱን፣ ሙሉውን፣ በእጄ ጽሑፍ፣ በፊርማዬ። አራት ገጽ ነው። የት ገጽ ላይ እንዳስቀመጥኩት አንቺው ገምቺ። እሳቸው የመጀመሪያውን እንደሚያነቡ ታውቂያለሽ፣ ያ ሰላምታ ነው። አስነብቢያቸው እስቲ፣ በርቺ! ተጽፎልሻል።

አንድ ነገር ብቻ። እማዬ ሻምበልን አይታ ያወጣችው ቃል ምን ነበር? እባክሽ እታለም። ገጽ አንድ ላይ ጻፊልኝ።

ሚጢ


ግንቦት 6 ቀን

ሚጢ፣

ይህ ደብዳቤ አንድ ወረቀት ነው፣ ሌላ ገጽ የለውም፣ አትፈልጊ። እንዲበቃኝ ፊደሌን አሳነስኩት፤ ዓይኔ ያለቅሳል፣ በድካም ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ «ይቺ እባብ» አልኩ። ቀጥዬ ሳቅሁ። በእኔው ጅራፍ ነው የገረፍሽኝ። ሁለት ሳምንት ያህል በየት በኩል እንደምገባላቸው ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ሰላምታዬን የማይመልሱ ሰውዬ ደብዳቤ እንዲያነቡልኝ ምን ብዬ ልለምናቸው?

ራሳቸው አስጠሩኝ። ጋሼ የጡረተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነዋል፤ እሑድ ፎቶ ይነሣሉ። የገበያው ልብስ ሰፊ ካፖርታቸውን አንድ እጅጌ እስከ ክርን፣ አንድ እጅጌ እስከ ጣት አድርጎ ሰጣቸው። ልካቸውን የማውቀው እኔ ነኝ። ቂም ቂም ነው፣ ፎቶ ግን ቀን አለው።

ሳሎን ገባሁ። ባለቤታቸው አሉ፣ ምራቶቻቸው አሉ፣ ያቺ «አፏን ዘጋች» ያለችውም አለች። ማንም ተቀመጪ አላለኝም። ጋሼን በርጩማ ላይ አቆምኳቸው፣ ካፖርቱን አለበስኳቸው፣ እጃቸውን ዘረጉ። ከላይ እስከ ታች በስፒል ሞላኋቸው። አሮጌው ኮታቸው ወንበር ላይ ነበር፤ ከደረት ኪሱ የአንቺ ፖስታ ጫፉ ይታያል።

«ጋሼ፣ የሚጢ ደብዳቤ ነው? እስቲ ለቤተ ዘመዱ ያንብቡልን፣ እርስዎ ሲያነቡ ያምርብዎታል» አልኩ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ። ድምፃቸውን እንደሚወዱት ታውቂያለሽ። ከኪሱ አውጥቼ ፊታቸው ላይ ያዝኩላቸው።

አነበቡ። ሰላምታ፣ ጤና፣ አየሩ፣ ምርቃት። «ልጅቷ ደህና ናት፣ በቃ» አሉ።

«ሌላም ገጽ አለው።»

«የሰው ነገር በመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል።»

«ይታወቅ። ግን እንዳይነቃነቁ፣ ከወገብዎ በታች አሥራ አንድ ስፒል አለ፤ ሳልጨርስ አላወርድዎትም» አልኩና ገለጥኩት።

ምን ያድርጉ? አነበቡ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቃላቶቼን ደርድረሻቸዋል። ጋሼ «እግርጥልፎሽ» ሲሉ እኮ የወንጀል ዓይነት ይመስላል! «ዳግምራት» ላይ ባለቤታቸው «ይሄስ አንተ ነህ!» አሏቸው። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ስፒል ልውጥ ነበር። ክፉ ወሬ ከሳቅ በፊት ደጃፍ አይገባም። ሳታስቢው የእማዬን ሕግ ጠብቀሽልኛል።

አራተኛውን ገለጥኩ።

«የእናቴ ሕመም ሦስት ጊዜ ተጽፎልኛል። አላነበብኩትም። እታለም አልደበቀችኝም፣ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ ቆርቆሮዬ። ቃላቱም የእሷና የእናቴ ናቸው፣ እኔ ሌባ ነኝ።» ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። ፊርማሽን ጭምር አነበቡ። አፏን ዘጋች ያለችው ሴትዮ አሁን በተራዋ አፏን ዘጋች።

ጋሼ ከወረቀቱ ቀና አሉ። «ያን ጊዜ የሰጠሽኝ ያንቺ ደብዳቤ» አሉ፣ «ስንት ገጽ ነበር?»

«አምስት።»

«እኔ ሰላምታውን ነው ያነበብኩት። እሷ ደፍራ ሰላም ትለኛለች ብዬ ተናደድኩ፣ ተውኩት።» ቀጥለውም «አርባ ዓመት ፈርጃለሁ እኮ» አሉ። ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ካፖርቱን ረስተው ከበርጩማው ወርደው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። አሥራ አንዱም ስፒል ሥራውን ሠራ። የጮኹትን ጩኸት መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰምቷል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ጩኸት ነው።

ስሄድ እስከ በር ሸኙኝ። ትናንት ሦስት ዘመድ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ ለሁሉም ሰኔ ላይ ተመለሱ አልኳቸው። ይጠብቁ፣ እኔም ጠብቄያለሁ።

ያንቺን ነገር ልጨርስ። ገጽ አንድ ላይ ልጽፈው እችል ነበር ያልሽው እውነት ነው። አልፈለግሁም። እማዬ «ምን አለች?» ያለችኝን ቀን በአንቺ ላይ መበቀል ፈልጌ ነበር፣ ተበቅያለሁ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፣ ይቅር ግን አላልኩሽም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመቁጠሪያው ናሙና ተበላሽቷል አይደል? እንግዲህ ሲታተም የእኔም የእማዬም ስም ይግባ፣ የሷ ይቅደም። ያቺን «ለተደበቀብኝ» የምትል ነገር አውጪያት። «እንቅልፎሎጂ»ንም አውጪያት፣ እሷ እንኳ ለበቀል ሳይሆን ለቋንቋው ስል ነው። ከግልገሎቹ አንዱን ለሥጋ ሻጩ መልሺ፣ ቃል ገብቻለሁ።

የእማዬን ቃል ግን በወረቀት አልሰጥሽም። ልቤ ነግሮኛል፣ ብጽፈው መጀመሪያውን ብቻ አንብበሽ ታጥፊዋለሽ። የመጨረሻ ቃሏ ነው፣ አልጋዋ ላይ ሆና ሻምበልን ያንቺ ወንበር ላይ አይታ ነው ያወጣችው፣ ያለችበት አኳኋንም አለው። መጥተሽ ከአፌ ትሰሚዋለሽ፣ ካልመጣሽ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ሻምበል አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እኔም እየታደስኩ አይደለሁም፤ ቀኑን አንቺው ቁጠሪው።

በሩ ክፍት ነው። ስትገቢ ብቻ ወደ እግርሽ ሥር እያየሽ ግቢ፣ መሃል ላይ ቆሞ ይሆናል።

እታለም